ሽፍታው ሲወጣ ረፍዷል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኩፍኝ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀሩ» ብላችኋል። ምክሩ ልክ ነው። ለብቻው ሲነገር ግን ሰው ያዘናጋል።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። አምና ልጄን ሰኞ ዕለት አሳላት፤ ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋም ፈሰሰ። «ብርድ መቷት ነው» ብለን ዳማከሴ ጨምቀን በቡና አጠጣናትና ላክናት። ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ከጆሮዋ ጀርባ ሽፍታውን አየሁት። እስከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቃ ተምራለች።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ይባዛል። አንድ ሴል ይይዛል፤ ከዚያ የወጡት ደግሞ ሌሎቹን ይይዛሉ። በግራፍ ቢሳል ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሽፍታው ብቅ የሚለው ሰውነት አጸፋ መመለስ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ዳገቱ ተወጥቶ አልቋል። ለዚህ ነው ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን የሚያጋባው። ሽፍታ ጠብቀን ልጅ ስናስቀር ግማሹ ጊዜ አልፏል።

ሌላው «አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል» ያላችሁት ነው። ይህ ማንም ያልተከተበበት፣ ታሞም ያላለፈበት ሰፈር ቁጥር ነው። መሃሉን 15ን እንውሰድ። በ9 ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከ100 ልጅ 85 ያህሉን ይከላከላል። አንድም ልጅ ሳይቀር ይህን ቢወስድ እንኳ 15 ልጅ ለበሽታው ክፍት ነው። አንዱ ታማሚ ያስይዛቸው ከነበሩት 15 ሰዎች 15 በመቶው 2.25 ይመጣል። አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እያጋቡ ይቀጥላል ማለት ነው። በ15 ወር ሁለተኛው ተጨምሮ ክፍት የሆኑት ወደ 5 ቢወርዱ ግን 0.75 ይሆናል። ከአንድ በታች! እሳቱ እንጨት አጣ። የጤና ባለሙያዎች 95 በመቶ፣ 95 በመቶ የሚሉት እንዲሁ አይደለም። ይህንን ሰሌዳ ላይ ስሠራ አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ በሽታም በሂሳብ ነው እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

የልጄን የክትባት ካርድ ከሳጥን አውጥቼ አየሁት። የ9 ወሩ ቦታ ቀን ተጽፎበታል። የ15 ወሩ ባዶ ነው፤ ጨርሰናል ብለን ተዘናግተን ነበር። ጽሑፋችሁ ውስጥም ስለ ሁለተኛው ክትባት አንድ መስመር አላገኘሁም። በሚቀጥለው እትም ብትጨምሩት ደስ ይለኛል።

አንድ የሂሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ