ጃዋዋን ነካኋት

ጎንደር፣ ታኅሣሥ

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ከጋሼ ቀብር በኋላ ልጽፍልህ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። እሱን ስንገናኝ።

አሁን የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። ያቺን አሮጌ ሞተር፣ ጃዋዋን ነካኋት።

ቆይ፣ አትቆጣ። የጓዳውን ቁልፍ የሰጡኝ እናትህ ናቸው። «ዝገት ከሚበላት ንዳት» አሉኝ። አሮጌ ሞተር ያለን አምስት ሰዎች እሁድ እሁድ ፒያሳ እንገናኛለን። አንድ ቬስፓ፣ አንድ ሞቶ ጉዚ፣ ሁለት ያማሃ፣ አሁን ደግሞ ጃዋ። ማኅበር ነን እንላለን፤ ከምንነዳው የምንገፋው ይበልጣል እንጂ። ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ደባርቅ ልንወጣ ነው። 100 ኪሎ ሜትር በዚያ ውርጭ! ጀርመኖቹ «ዝሆኖች ስብሰባ» ለሚሉት የሞተረኞች ስብሰባ በረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አብደዋል ብለኸኝ አልነበር? እኛም አበድን።

ለሙከራ ባለፈው እሁድ ኮሶዬ ወሰድኳት። ያቺን ማርሽም መርገጫም የሆነች ዘንግ ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ ወደ ላይ አዞርኩ፣ ረገጥኩ። በሦስተኛው ተነሳች። ሰማያዊው ጭስ ጓዳውን ሲሞላው ጋሼ ከኋላዬ «ቤንዚን አታጠጣት!» ያሉ መሰለኝና ዞር አልኩ። እናትህ ናቸው፣ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከጭሱ ይሁን እንጃ።

ወለቃን እስክናልፍ ንግሥት ነበረች። ዳገቱ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዛባትና መንተባተብ ጀመረች። ካንዴላዎቹን ብፈታ ጥላሸት ብቻ። በሸሚዜ ጫፍ ጠራርጌ ቀጠልኩ። ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ነዳጅ ሳልሰጣት በማርሽ ብቻ ቁልቁል ለቀቅኳት። ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! ቀጥ አለች። የኋላ ጎማው ተንሸራተተና ወደቅኩ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ተላጠ።

የቀኙ ፒስተን ተጫጭሯል፣ ፋሻ የምንለው ቀለበቱም ተሰብሯል። ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ከ58 ወደ 58.5 ሚሊ ሜትር አሰፋልሃለሁ ብሎኛል። በዚህ ልክ ፒስተን ከነፋሻው እዚህ አጣሁ። ጃዋ የተሠራችበት ቼክ ደግሞ ለአንተ ጎረቤት ነው። ብሩን እኔ እከፍላለሁ... ማለቴ፣ ቀስ እያልኩ።

እናትህ አያውቁም። «የት አደረስካት?» ሲሉኝ «እያጠብኳት ነው» እላለሁ። ሳምንት ሙሉ እጥበት!

ፒስተኑ ባይደርስም ከቬስፓው ኋላ ተፈናጥጬ እሄዳለሁ። ሌላም ነገር አለ። ለብርዱ ብለው የጋሼን ካፖርት አውጥተው ሰጡኝ። ወንበር ላይ ሰቅዬው ይኸው አያለሁ። ሳልነግርህ መልበሱ ከበደኝ። ልልበሰው?