ድርቆሽ የሚያውቁት የዊኒፔግ ኦማ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ወር ያወጣችሁትን የአንድ አንባቢ ደብዳቤ አነበብኩ። ፈረንጅ ስደትን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፣ ብንነግረውም አይገባውም ይላል። ጸሐፊው ምን እንደገጠመው አላውቅም። ተቃጥሎ እንደጻፈው ግን ያስታውቃል፣ አልፈርድበትም። እኔም ካርቱም ሳለሁ እንደዚያው ነበር የማስበው። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚህ የበረዶ ክረምት፣ እዚህ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት የ96 ዓመት አሮጊት ቀብረናል። በስደት ነገር ለእኔ ሀ ሁ የሚያስቆጥሩኝ ሴት ነበሩ። ቤተሰቡ ጭምት ስለሆነ ስማቸውን አልጽፍም። ሁላችንም ኦማ ነበር የምንላቸው፣ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እሳቸው እንደነገሩኝ።

ኦማ ሜኖናይት ነበሩ። ሜኖናይት ሲባል አንዳንዱ ሰው በፈረስ ጋሪ የሚሄዱትን ነው የሚያስበው። እነሱም አሉ። ኦማ ግን ቶዮታ ይነዱ ነበር፤ ያውም እስከ 88 ዓመታቸው፣ ያውም በረዶ ላይ። ስማቸው የመጣው ሜኖ ሲሞንስ ከሚባል በ1536 ካቶሊክነቱን ከተወ የሆላንድ ቄስ ነው። ጥምቀት አምኖ ለጠየቀ አዋቂ ነው፣ ክርስቲያን ደግሞ ጦር አያነሳም ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው የትኛው ንጉሥ ይወደዋል? ከሆላንድ ወደ ዛሬዋ ፖላንድ ሄዱ። ኋላም የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን መሬት እሰጣችኋለሁ፣ ለውትድርናም አላስገድዳችሁም ስትላቸው ዩክሬን ገቡ። ኦማ የተወለዱት በ1929 እዚያው ዩክሬን፣ ሞሎችና በሚባለው የሜኖናይቶች ሰፈራ ውስጥ ነው።

አራት ዓመት ሳይሞላቸው የ1932 እና የ1933ቱ ረሃብ መጣ። ያንን ብዙም አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት 1937ን ነው፣ የስታሊንን ሽብር። ማታ መኪና መጥቶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ የቤቱ አባወራ ይወሰዳል፣ በቃ። አባታቸውን የወሰዷቸው ኮት እንኳ ሳያስለብሷቸው ነው። እናትየው ኮቱን ይዘው እስከ መንገዱ ሮጡ፣ መኪናው ግን ሄዷል። ይህን ሲነግሩኝ ቀይ ሽብር ትዝ አለኝ። እናቴ አዳማ ውስጥ ማታ መኪና በሰፈራችን ቀስ ብሎ ሲያልፍ ዛሬም ድረስ ወሬዋን ታቋርጣለች። ይህንን ለኦማ ነገርኳቸው። «እኔም አቋርጣለሁ» አሉኝ። አባታቸው በ1938 መረሸናቸውን የሚገልጽ ወረቀት የደረሳቸው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ነው። ያኔ የልጅ ልጅ አይተዋል።

በ1943 መስከረም የጀርመን ጦር ከሶቪየቱ ቀይ ጦር ፊት ሲያፈገፍግ ሜኖናይቶቹንም ወደ ምዕራብ ይዟቸው ሄደ። ወደ 35,000 ሰው ነው። ከሞሎችና የወጡት በጋሪ ነበር፤ ወንዶቹ አብዛኞቹ ታስረው ወይ ተግዘው ስላለቁ ጋሪ የሚነዱት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ኦማ 14 ዓመታቸው ነው፣ ልጓሙን የያዙት እሳቸው።

ስንቁን ልንገራችሁ። ጽቪባክ የሚሉት ትንሽ ዳቦ አላቸው። አንዷ ድብልብል ሊጥ በሌላዋ ላይ ተጭና ትጋገራለች፣ እናትና ልጅ ነው የምትመስለው። መንገድ ሲኖር ደግሞ እንደገና ምድጃ ገብታ ድንጋይ እስክትሆን ትደርቅና በጆንያ ትሞላለች። ወር ሁለት ወር አትበላሽም። ይህን ኩሽናቸው ቆመው ሲያሳዩኝ «ድርቆሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ሄጄ እናቴ ከአዳማ የላከችልኝን ድርቆሽ አመጣሁላቸው። አንድ ቁራጭ አንስተው በጣታቸው አንኳኩበት፣ ድምፁን ሰሙ፣ ቡና ውስጥ ነከሩትና በሉት። «የስንት ቀን መንገድ ነው ይሄ?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

የኦማ ታሪክ ሁሉ የተበዳይ ታሪክ ብቻ አልነበረም፣ እሳቸውም አይደብቁትም። ጀርመኖቹ የወሰዷቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ነው። ዩክሬን ሳሉ የአይሁድ ጎረቤቶቻቸው ሲገደሉ ሕዝባቸው በአብዛኛው ዝም ብሏል፣ የተባበረም ነበር። ፖላንድ ሲደርሱ ቤት ተሰጣቸው፣ ባለቤቶቹ ፖላንዳውያን ተባረው የተለቀቀ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ያልታጠበ ስኒ አገኙ። «እናቴ አጠበችውና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ማንም በሱ አልጠጣም፣ ቤቱ ውስጥ ግን ኖርን» ብለውኛል። ስለ ስኒው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፣ ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን እዚያው ላይ ያቆሙታል።

በ1945 ጥር እንደገና ሽሽት ሆነ። ከ35,000ዎቹ ወደ 23,000 የሚሆኑት በሶቪየት እጅ ወድቀው ወደ ሳይቤሪያና ካዛክስታን ተላኩ። ምዕራብ ጀርመን የቀሩት 12,000 ገደማ ናቸው። ኦማና እናታቸው ከቀሩት ናቸው፣ ታላቅ እህታቸው ግን ከተወሰዱት። ከእህትየው ከካዛክስታን የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በ1956 ነው። ያችን ወረቀት አይቻታለሁ፣ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሳ በፕላስተር ተያይዛለች።

ወንድ ከሌላቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ ፓራጓይ ሄደው የቻኮን ጫካ መነጠሩ። ኦማ ቀድሞ በ1920ዎቹ የመጣ አጎት ስለነበራቸው በ1948 ካናዳ ገቡ። መርከቡ ኩቤክ አወረዳቸው፣ ከዚያ በባቡር ዊኒፔግ። በሳምንቱ ሀብታም ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ ነው እኔና ኦማ እውነተኛ ጓደኞች የሆንነው። በዚያን ጊዜ የሜኖናይት ሴቶች በሰው ቤት ሲሠሩ የዕረፍት ቀናቸው ሐሙስ ነበር። ከተማው ውስጥ ቤተ ክርስቲያናቸው የከፈተው የልጃገረዶች ቤት አለ። ሐሙስ ከሰዓት እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ክፉ እመቤት የገጠማትን ሌላ ቤት ይፈልጉላታል። እኔም ካርቱም ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የእኛ ቀን ዓርብ ነበር። የአንዷ ክፍል ውስጥ 15 ሆነን ቡና አፍልተን፣ ደሞዝ የተከለከለችውን መክረን፣ አልቅሰን፣ ጨፍረን ነበር የምንለያየው። ስለ ሐሙሳቸው ሲነግሩኝ እኔ ቀድሜ እየጨረስኩላቸው ተሳሳቅን።

በ2009 ከልጄ ጋር ዊኒፔግ የገባሁት በኦማ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰርነት ነው። የካናዳ የሜኖናይቶች ተራድኦ ድርጅት በ1979 ከመንግሥት ጋር የስፖንሰር ውል ሲፈራረም ከሁሉም የመጀመሪያው ነበር። ያን ጊዜ ከባሕር ለሚመጡት የቬትናም ስደተኞች ነው፣ ኋላ ግን እኛም ደረሰን። ቤተ ክርስቲያኑ ቤት ተከራይቶ፣ ለአንድ ዓመት ቀለባችንን ችሎ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶን ነው ያቋቋመን። ኦማ ያኔ 80 ዓመታቸው ነው፣ የኮሚቴው አባል ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ የመጡት ራሳቸው የሰፉትን ብርድ ልብስ ይዘው ነው። ሌላው አበባ ይዟል። ኦማ አበባውን አየት አድርገው ብርድ ልብሱን ልጄ ላይ ጠቀለሉበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት የአውሮፕላን ትኬቱን ብድር ክፈዪ የሚል ደብዳቤ ላከብኝ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ለኦማ ባሳያቸው በሳቅ ፈነዱ። «ራይዘሹልት!» አሉ። የጉዞ ዕዳ ማለት ነው። ከሳቸው በፊት በ1920ዎቹ የመጡት ሜኖናይቶች በባቡር ኩባንያው ብድር ነበር የመጡት። ያንን ዕዳ እየተዋጡ ከፍለው የጨረሱት በ1946 ነው። ኦማም የራሳቸው ነበረባቸው፣ ከሠራተኝነት ደሞዛቸው ቆጥበው ለአጎታቸው መለሱ። ደረሰኞቼን የማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈልኩ ቀን ኬክ ጋገሩልኝ።

ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጽቪባክ ሲያመጡልኝ እያመሰገንኩ እቀበልና ለጎረቤት እሰጥ ነበር፤ የአሳማ ስብ አለበት ብለውኛላ! አንድ ቀን ነቁብኝ። ከዚያ በኋላ የእኔን በዘይት ለብቻ ይጋግሩልኝ ጀመር። ረቡዕና ዓርብን አጠኑ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቦርሽት የሚሉት የጎመን ሾርባ፣ ሥጋ የሌለበት፣ በትልቅ ድስት ይመጣል። እኔ ራሴ የረሳሁትን የጾም ቀን አስታውሰውኝ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ደግሞ የት ተወለድሽ አሉኝ። አዳማ፣ ኃይለማርያም ማሞ ሆስፒታል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ሆስፒታሉን በ1946 የከፈቱት ሜኖናይቶች እንደሆኑ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አዳማ አድጌ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። የኢትዮጵያ ሜኖናይቶች የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 በደርግ መዘጋቷን፣ መሪዎቿ ዓመታት መታሰራቸውን፣ አባላቱ ቤት ለቤት እየተሰበሰቡ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ መሆናቸውን ኦማ ከእኔ አብልጠው ያውቃሉ። «አሁን በዓለም ትልቋ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን የእናንተዋ ናት» ይሉኛል። የእኔ ሌላ ናት ብላቸውም ግድ የላቸውም።

የቀብሩ ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 31 ነበር። አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እንደ ልማዳቸው ቡና፣ ጽቪባክ፣ አይብና ስኳር ቀረበ። እኔ ማታውን ዳቦ ቆሎ ስቆላ አድሬ አንድ ሳህን ይዤ ሄድኩ። እነሱም ለገና የሚጋግሯት ዳቦ ቆሎ የምታህል ቅመም ያላት ብስኩት አለቻቸው። ኦማ በየገናው በከረጢት ነበር የሚሰጡን።

ሳህኑን ጽቪባኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። በከዘራ የሚሄዱ አንድ አዛውንት መጥተው እፍኝ ሙሉ ዘገኑ። እያኘኩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ የየት አሠራር ነው? የሞሎችና ነው?» አሉኝ።

የአዳማ ነው አልኳቸው። ደግመው ዘገኑ።

አንባቢያችሁ
ከዊኒፔግ፣ ካናዳ