ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልን የልብ አልትራሳውንድ ስላለመሠራቱ

ለእንስሳት ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የውሻዬ የቡቺ ካርድ እጃችሁ ላይ ስላለ ታሪኳን አልደግምም። የምጽፈው ስላለፈው ሐሙስ ነው።

ረቡዕ ማታ የደወላችሁት እናንተ ናችሁ። «ባለሙያው ነገ 3 ሰዓት ማሽኑን ይዞ ከአዲስ አበባ ይገባል፤ ቀደም ብለሽ ድረሺ» ተባልኩ። በራችሁ ሳይከፈት ደረስን። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢዬን አጥፌ ሲሚንቶው ላይ አነጠፍኩላት። ሳሉ ሲነሳባት አንገቷን ዘርግታ፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ትታገላለች። 4 ሰዓት ሆነ፣ 5 ሰዓት ሆነ። በጠየቅኩ ቁጥር «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። 6 ተኩል ላይ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለምሳ ስትወጣ፣ «እሱ እኮ ትናንት ከሰዓት ነው የሰረዘው፤ አልነገሩሽም?» አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት! ታዲያ ማታ ለምን ተደወለልኝ? ይህንኑ ብጠይቃት «ማዘር፣ ውሻ እኮ ናት። ምን እንዲህ ያስጮህሻል?» ብላኝ ወጣች። አልጮህኩም። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው።

ውሻ መሆኗን አውቃለሁ። ሐኪማችሁ ራሳቸው አዳምጠው ሚትራል ቫልቯ፣ ማለትም በላይኛውና በታችኛው የግራ የልብ ክፍል መካከል ያለው በር፣ እንደሚያፈስ ነግረውኛል። ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ፣ የታችኛው የግራ የልብ ክፍል በተኮማተረ ቁጥር ደሙ ወደ ላይኛው ይመለሳል። ላይኛው እየተለጠጠ ይሄዳል። የተመለሰው ደም እንደገና ስለሚወርድበት ታችኛውም ይሰፋል። ምን ያህል እንደሰፋ ግን ማዳመጫ አይናገርም። ለዚህ እኮ ነው አልትራሳውንዱ የታዘዘው።

መድኃኒቱም የሚወሰነው በዚሁ ልክ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ። የላይኛው የግራ ክፍል ስፋት ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) አንጻር 1.6 እጥፍ እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የታችኛውም ስፋት ለክብደቷ ተሰልቶ 1.7 ሲሞላ፣ የልብ ድካም ሳይመጣ ፒሞቤንዳን የተባለው የልብ መድኃኒት ይጀመር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 360 ውሾች የተካተቱበት ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ በዚህ ደረጃ ሲጀመር የልብ ድካሙን 15 ወር ገደማ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ለ11 ዓመት ውሻ 15 ወር ቀላል ነው? ስትተኛ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ እስካሁን በደቂቃ ከ30 በታች ነው፤ ይህም ድካሙ ገና እንዳልመጣ ይጠቁማል። ጊዜው አሁን ነው፣ እናንተ ግን ዛሬ ነገ ትሉኛላችሁ።

ሌላም አለ። ሳሏን «የብርድ ነው» ብላችሁ ደጋግማችሁ አንቲባዮቲክ ሰጥታችኋታል። የሰፋ የልብ ክፍል የአየር ቧንቧን ተጭኖ ሊያስል እንደሚችል ያነሳልኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ወስጄ ያስነሳሁትን ራጅ ተቀብላችሁ «ሰፋ ያለ ይመስላል» ብቻ አላችሁኝ። ልብን ራጁ ላይ ካሉት የጀርባ አጥንቶች ጋር አስተያይቶ መለካት ይቻላል፤ ርዝመቱና ስፋቱ ተደምሮ ከ10.5 የጀርባ አጥንት ርዝመት ካለፈ የመስፋት ምልክት ነው። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። እዚያው አዲስ አበባ ላሠራት ስል «አትድከሚ፣ እዚሁ እናመጣልሻለን» ብላችሁ ያስቀራችሁኝም እናንተ ናችሁ። ቀብድ ከተቀበላችሁኝ ደረሰኝ እንኳ አልሰጣችሁኝም። ካርዷ ላይ ደግሞ «ወንድ» ተብሎ ተጽፏል፤ አርሙ ብልም የሰማኝ የለም።

ስለዚህ እስከ መጪው ዓርብ ምርመራው የሚሠራበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁኝ። ውጤቱም «ትንሽ ሰፍቷል» ተብሎ ሳይሆን በቁጥር ይጻፍልኝ። ይህ ካልሆነ ቀብዴ ይመለስልኝ፤ አዲስ አበባ የምወስድበትንም ትራንስፖርት እናንተ ትሸፍናላችሁ። ልጅቷም ይቅርታ ትጠይቀኝ። ዓርብ ካለፈ አቤቱታዬን ለከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ።

ራጁን ግን ምላሻችሁን ሳልጠብቅ ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። ፖስታው ውስጥ አድርጋችሁ መቀበያው ላይ አስቀምጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የቡቺ ባለቤት