ቅዳሜ የሮቦቱን ባትሪና ከረንት እንለካለን

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላብራቶሪ ተገናኝተን የባትሪውን ቮልቴጅና ሞተሮቹ የሚስቡትን ከረንት እንለካለን። ባለፈው ልምምድ ሮቦቱ እየገፋ እያለ በድንገት ጠፍቶብናል። ከውድድሩ በፊት ምክንያቱን ማወቅ አለብን።

ባለ 12 ቮልቱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪያችን ቻርጅ ሞልቶ ሲለካ ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል። በዚህ ብቻ ግን አትመኑ። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት ደህና ይመስላል፤ ቮልቴጁ የሚወርደው ሞተሮቹ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ግድግዳ ሲገፋ እንለካለን፣ ሞተር እንዳይቃጠል ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ።

መልቲሜትሩ ለቮልቴጅ ነው። የሁሉም ሞተሮች ከረንት ከ10 አምፒር ስለሚያልፍ የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥለዋል። ዲሲ (የባትሪ ከረንት) የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦ ሳይቆረጥ በመንጋጋው አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ቀዩን ሽቦ ብቻ እናስገባበታለን።

ባትሪ ቤት የወሰዳችሁ ዓርብ ማታ ቻርጅ አድርጉ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።