የሴንት ሉሲያ ሐይቅ የጎደለው ወንዝ እንጂ ቁፋሮ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በውጭ ዜና ዓምዳችሁ፣ በደቡብ አፍሪካ የክዋዙሉ ናታል ጠረፍ የሚገኘው የሴንት ሉሲያ ሐይቅ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ በአሸዋ መደፈኑን ስትዘግቡ፣ መደፈኑን እንደ አደጋ፣ በማሽን መክፈቱን ደግሞ እንደ መፍትሔ አቅርባችሁታል። በዚሁ ክፍለ ሀገር ለረጅም ጊዜ የኖርኩና ሐይቁን ደጋግሜ ያየሁ ኢትዮጵያዊ እንደመሆኔ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሐይቁ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊው የውኃ አካል ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ በዚህ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ያለማቋረጥ አሸዋ ይከምራል። ወንዞች ሲሞሉ ክምሩን ጥሰው ይወጣሉ፣ ሲጎድሉ አፉ መልሶ ይደፈናል፤ ይህ መዘጋትና መከፈት የሐይቁ ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው በድርቅ ዓመት በትነት ብዙ ያጣል። አብያታ ወደ ውስጥ የሚገባው ውኃ ሲቀንስ ዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ ያየ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እዚህ ጎረቤቱ ባሕር መሆኑ ነው፦ አፉ ክፍት ሆኖ ወንዞቹ ከደከሙ፣ በትነት የወሰደውን ቦታ ጨዋማ የባሕር ውኃ ይሞላዋል፣ ያም ይተንና ጨው ብቻ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከአፉ እጅግ የራቀው የሰሜኑ ክፍል ከራሱ ከባሕሩ የበለጠ ጨዋማ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ምኩዜ፣ ህሉህሉዌ፣ ኒያላዚና ሌሎች አነስተኛ ወንዞች ሐይቁን ይመግባሉ። ትልቁ የውኃ ምንጭ ግን አፉ አጠገብ የሚደርሰው ኡምፎሎዚ ነበር። የዚህ ወንዝ የታችኛው ሜዳ ቀድሞ በደንገልና በሸምበቆ የተሸፈነ ረግረግ ሲሆን ደለሉን አጣርቶ ያስቀር ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ረግረጉ ተመንጥሮ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፣ ወንዙም በቦይ ቀጥ ብሎ እንዲፈስ ተደረገ፤ ስለዚህ ደለሉ ሳይጣራ በቀጥታ ሐይቁ አፍ ላይ መድረስ ጀመረ። አፉ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሲዘጋ መሐንዲሶቹ ጥፋቱን በወንዙ ላይ ጣሉና በ1952 ወደ ደቡብ የራሱን መውጫ ቆፍረውለት ከሐይቁ ነጠሉት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አፉን በቁፋሮ ክፍት አድርጎ ማቆየት ዋናው ሥራ ሆነ። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ ደለልን ለማስቀረት ሲባል ውኃውም አብሮ ቀረ።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ በ2002 በጀመረው ድርቅ ታየ። ባለሥልጣናቱ የባሕሩን ጨው ለመከላከል አፉን ሳይከፍቱ ቢተውትም ኡምፎሎዚ ስላልነበረ የሚተካ ውኃ አልነበረም፤ በ2006 አጋማሽ ከሐይቁ ስፋት 90 በመቶ የሚሆነው ደረቅ መሬት ሆነ። በመጋቢት 2007 በሳይክሎን የተነሣ ማዕበል አሸዋውን ሰብሮ ሐይቁን በባሕር ውኃ ሞላው። ብዙዎች ተደሰቱ፤ አፉ በዚያው ዓመት ተመልሶ ሲዘጋ ግን የገባው ጨው እዚያው ቀረ። ጉማሬዎችና አዞዎች በዚያ የችግር ዘመን የተጠጉት በምሥራቅ በኩል ካለው የአሸዋ ኮረብታ ሥር የሚመነጨው የከርሰ ምድር ውኃ ወደሚደርስባቸው ዳርቻዎች ነበር። (በ1996 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እነዚያን ኮረብታዎች ለታይታንየም ማዕድን እንዳይቆፈሩ መከልከሉ ምን ያህል አስተዋይነት እንደነበረ በዚህ ይታወቃል።)

በ2012 ሐይቁን የሚያስተዳድረው የኢሲማንጋሊሶ ረግረግ ፓርክ ባለሥልጣን አቅጣጫውን ቀይሮ ኡምፎሎዚ ከሐይቁ ጋር እንደገና እንዲገናኝ አደረገ። አፉ ተዘግቶ ሐይቁ ሲጎድል የወንዙ ውኃ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በቂ ውኃ ሲጠራቀም ደግሞ ጎርፉ ራሱ አሸዋውን ይሰብራል። ዝርዝሩን ላሳጥረውና፣ ይህ አሠራር ትዕግሥት ይጠይቃል። ትዕግሥቱን የሚፈታተኑት ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለቴ አይደለም። አፉ በተዘጋ ቁጥር ከባሕር የሚገቡት ዓሦችና ሽሪምፖች ትንንሾቻቸው የሚያድጉበትን ቦታ ያጣሉ፣ በዓሣ ማጥመድና በቱሪስት የሚተዳደረው ሰውም ገቢው ይቀንሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ያሉት የአገዳ አምራቾች ናቸው፤ ውኃው ወደ ኋላ ሲመለስ ማሳቸው ይጥለቀለቃል። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው በ2017 በደርባን ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ሆኖም በጥር 2021 ባለሥልጣኑ ራሱ አፉን በማሽን ከፈተው፤ ሳይንቲስቶች አጥብቀው ተቃወሙ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯም ጉዳዩን የሚመረምር ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋሙ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችሁ ስለ ሴንት ሉሲያ ሲያነቡ፣ ዘገባው «አፉ መቼ ይከፈታል?» ከሚለው ጥያቄ አልፎ በታችኛው የኡምፎሎዚ ሜዳ ያለው መሬት የወደፊት ዕጣ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። እኔ የማስበው መንግሥት በየጊዜው የሚጥለቀለቁትን ዝቅተኛ ማሳዎች በተገቢ ካሣ ከገበሬዎቹ ገዝቶ ወደ ረግረግነት ቢመልሳቸው፣ ደለሉም እንደ ቀድሞው ከአፉ በፊት እንደሚቀርና ገበሬውም ከየዓመቱ ሙግት እንደሚያርፍ ነው። ወጪው ከፍ ያለ እንደሚሆን አይካድም፤ ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት በቁፋሮ ላይ የፈሰሰውም ገንዘብ ቢሆን ትንሽ አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ