ማኒፎልድ ላይ ተራ ቀለም አትቀቡ

ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ መኪና የምታወጡትን አነባለሁ ግን የኤግዞስት ማኒፎልድ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ የሚያሳልፈው ብረት) ዝገትን ማንም ሲያነሳ አላየሁም። የድሮ ላንድክሩዘር ላይ ያለው የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት) ማኒፎልድ ቶሎ ዝጎ ይቀላል፣ ወፍራም ስለሆነ ግን ዝገቱ ባብዛኛው ላይ ላዩን ነው፣ አትደንግጡ። የሚያናድደኝ መኪና ሊሸጥ ሲል ተራ የብር ቀለም ለቅልቀውበት የሚያስረክቡት ነገር ነው፣ ማኒፎልዱ እኮ ጭነት ላይ ከ400 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ይሸታል ይላጣል። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ፣ እሱማ ትርፉ ጭስ ነው።

ደህና ስራ የሚፈልግ ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ (ሳንድብላስት፣ ማለትም በአየር ግፊት አሸዋ እየረጨ የሚያጸዳ፣ ካገኘማ በጣም አሪፍ) ዝገቱን ያራግፍ፣ በአሴቶን ይጥረገው፣ ከዛ በባዶ እጁ አይንካው ምክንያቱም የጣት ቅባት ራሱ ቀለሙን አያስይዝም። ቀለሙ እስከ 650 ዲግሪ የሚችል የሙቀት ቀለም ይሁን፣ ስስ ስስ አድርጎ ነው የሚቀባው፣ ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ) የሚቀመጥበት ፊት ግን ይቅር። ደረቀ ተብሎ ወዲያው አይነዳም፣ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው እየተሞቀ እየቀዘቀዘ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው።

እና ላቫጆ ቤቶች፣ በፈጠራችሁ አምላክ፣ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁ፣ ጊዛ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ጋቢና ከገባ ሰው ይገላል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ