የተተከለ ኩላሊት መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው ተነጥሎ ይታይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጥር ወር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነቴን ላሳድስ ደሴ ወደምንኖርበት ቀበሌ ሄጄ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ኩላሊት ተተክሎለታል፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ስለሆነ እንደ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል ይቆጠራል፤ በእኔ መዋጮ ላይም የእሱ ይጨመራል። መዝጋቢዋ ልጅ ሕመሙን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እሱንማ አይሸፍንም እኮ እትዬ፣ ለምን በከንቱ ይከፍላሉ?» አለችኝ። ለገንዘቤ አዝናልኝ እንጂ ክፋት አልነበራትም፤ ሆኖም ምርጫዬን በአንድ ቃል ልትዘጋው ደርሳ ነበር።

ንቅለ ተከላ እንደማይሸፈን አውቃለሁ። ለደመወዝተኞች በታሰበው በማኅበራዊ ጤና መድኅን ደንብ ቁጥር 271/2005 የአካል ንቅለ ተከላም፣ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ካልሆነ በቀር ዳያሊሲስም (ደምን በማሽን ማጣራት) መድኅኑ ከሚሸፍነው የሕክምና ጥቅል ውጭ ናቸው፤ እኛ የማኅበረሰብ አቀፉ አባላት የሚነገረንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘመኑን ልብ እንበል። ጎረቤታችን ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ሆና የማኅበረሰብ አቀፉን መድኅን የጀመረችው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የንቅለ ተከላ ማዕከሉ ሥራ የጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ጥቅሉ ሲወሰን በሀገራችን ኩላሊት አይተከልም ነበርና፣ ክልከላው ባሕር ማዶ ተሻግሮ ለሚታከም ሰው ወጪ የታሰበ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ታካሚው ከእኛው ጋር ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ነው።

የእኔም ጥያቄ ስለ ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ እሱ አልፏል። ያላለፈው መድኃኒቱ ነው። ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት ዕድሜ ልኩን እንደ ባዕድ ስለሚያየው፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የመሳሰሉት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች መቋረጥ የለባቸውም። ወንድሜ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ማታ በ2 ሰዓት የስልኩ ደወል ሲጮኽ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ተነሥቶ ይውጣል። እሑድ ማታ የቀረውን እንክብል መሶቡ ላይ ዘርግቶ ይቆጥራል፤ ያነሰ እንደሆነ «የማታውን ልዝለለው» ይለኛል፣ እኔም እቆጣለሁ።

በዚህ ረገድ አሜሪካም ተሳስታ ነበር። በኩላሊት ሕመሙ ምክንያት ብቻ የመንግሥት መድኅን ያገኘ ታካሚ ከንቅለ ተከላው 36 ወራት በኋላ ሽፋኑ ይቋረጥበት ነበር፤ መድኃኒት መግዛት ያቃተው ኩላሊቱን አጥቶ ወደ ዳያሊሲስ ሲመለስ ወጪው መልሶ በዚያው መድኅን ላይ ይወድቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ሌላ ሽፋን ለሌለው ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ብቻ የሚከፍል የተለየ አባልነት ተከፍቷል። እኛ ሀብታቸው የለንም፤ ቀዶ ሕክምናውንና መድኃኒቱን ነጥሎ ማየት ግን ሀብት አይጠይቅም።

እኔ መዋጮውን ከፍያለሁ። መድኃኒቱ የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክመው ወንድሜን ኢንፌክሽን ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ሲተኛ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ ሽንቱና ደሙ ሲመረመር የመድኅን ደብተሩ ይሠራል። ይህን መዝጋቢዋ ልትነግረኝ ይገባ ነበር፤ ለእሷም የነገራት ያለ አይመስለኝም። (ደመወዝተኛ ጎረቤቴ ደግሞ ይህም ምርጫ የለውም፤ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ያቋቋመለት መድኅን ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሞበታል።)

የኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎት የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን ለይቶ በየቀበሌው መመዝገቢያ እንዲለጥፍ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚወሰዱትን መድኃኒቶችም፣ ከዋጋቸው ከፊሉን እንኳ ቢሆን፣ ለመሸፈን እንዲያጤን እጠይቃለሁ። መልሱን በዚሁ ገጽ ብናነበው፣ በሚመጣው ጥር ለመዝጋቢዋ የማሳያት ወረቀት ይኖረኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ